ዘሩ ውኃ ውስጥ ስንት ሰዓት ይቆይ?

ሰናይት፦ የዛሬው ውይይታችን የጓሮ አትክልት ዘርን ከመዝራት በፊት በውኃ ስለመዘፍዘፍ ነው። ጋሽ ታደሰ፣ በራሴ ጥፋት ልጀምር። አምና ባቄላ ዘፍዝፌ ሥራ በዝቶብኝ ሁለት ቀን ሙሉ ረሳሁትና ክዳኑን ስከፍት ውኃው አረፋ ይዞ፣ የኮመጠጠ ሽታ አምጥቶ አገኘሁት። እንዲያም ሆኖ መጣሉ አሳዝኖኝ ዘራሁት፤ ከ40 ፍሬ የበቀለው 4 ብቻ ነበር።

ጋሽ ታደሰ፦ አራቱም መብቀላቸው ይገርማል። ብዙ ሰው ዘር ውኃ እንጂ አየር የሚፈልግ አይመስለውም። ነገር ግን ፍሬው ውኃ ጠጥቶ ማበጥ ሲጀምር በውስጡ ያለው ፅንስ ይነቃል፤ ከነቃ በኋላ ደግሞ የተጠራቀመለትን ምግብ ወደ ኃይል ለመለወጥ ኦክስጅን ስለሚያስፈልገው፣ ውኃ ውስጥ እንደ ሰጠመ ከቆየ ታፍኖ ይበሰብሳል። እናቶቻችን ይህን ከብቅል ያውቁታል፤ ገብሱን ከነከሩ በኋላ ውኃውን አጥልለው በኮባ ቅጠል ይጠቀልሉታል እንጂ እዚያው ውኃ ውስጥ አይተዉትም።

ሰናይት፦ በቆልትም ቢሆን ከተነከረ በኋላ ተጠልሎ ነው የሚያጎነቁለው። ታዲያ ለስንት ሰዓት እንዘፍዝፍ?

ጋሽ ታደሰ፦ ባቄላ፣ አተር፣ በቆሎና ዱባ ማታ ተነክረው ጠዋት ቢዘሩ፣ ማለትም ከ8 እስከ 12 ሰዓታት ቢቆዩ በቂያቸው ነው፤ እኔ በምንም ምክንያት ከ24 ሰዓታት አላሳልፍም። ቦሎቄን ግን ጨርሶ አልዘፈዝፍም። በጣም የደረቀ ቦሎቄ በድንገት ብዙ ውኃ ሲጠጣ ክኩ ውስጥ ለውስጥ ስለሚሰነጠቅ፣ እርጥብ ጨርቅ ውስጥ አሳድሬ ቀስ እያለ እንዲጠጣ አደርገዋለሁ።

ሰናይት፦ ቀይ ሥርስ? የእኔ ሁልጊዜ ዘግይቶ ነው የሚወጣው።

ጋሽ ታደሰ፦ መዘፍዘፍ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው እርሱንና የቅርብ ዘመዱን ቆስጣን ነው። ከሱቅ የምንገዛው ያ ሸካራ ኮረት የመሰለ ነገር አንድ ዘር ሳይሆን፣ ሁለት ሦስት ዘሮችን አንድ ላይ የያዘ የደረቀ ፍሬ ነው። ቅርፊቱ ዘሩ እንዳይበቅል የሚያግዱ ንጥረ ነገሮች አሉት፤ ሲነከር ውኃው ቡናማ የሚሆነው ከቅርፊቱ በሚወጣው ነው። ያንን ውኃ ደፍተሽ ፍሬውን በንጹሕ ውኃ አለቅልቂው። ከአንድ ጉድጓድ ሁለት ሦስት ቡቃያ ሲወጣም አትደነቂ፤ ጠንካራውን አስቀርተሽ ሌላውን ንቀዪ።

ሰናይት፦ ሰላጣ፣ ካሮትና ጎመንንስ?

ጋሽ ታደሰ፦ ደቃቅ ዘር ሲረጥብ እርስ በርሱ ተጣብቆ ለመዝራት ያስቸግራል፣ ይቅር። በሶብላና ፌጦ ደግሞ ይብሳሉ፤ ልክ እንደ ተልባ ሙጫ ያወጣሉ። በደማቅ ቀለም የተለወሰ ዘር ከገዛሽም አትንከሪው፤ ቀለሙ መድኃኒት መቀባቱን የሚያሳይ ምልክት ስለሆነ፣ ብትነክሪው መድኃኒቱ ታጥቦ ይሄዳል፣ ውኃውም ይመረዛል።

ሰናይት፦ በክረምት ዝናብ እያለ መዘፍዘፉ ያስፈልጋል?

ጋሽ ታደሰ፦ ለእኔ አይታየኝም፤ በተለይ በሐምሌ ውኃ በሚቋጥር መረሬ አፈር ላይ ዘሩን መሬቱ ራሱ ይዘፈዝፈዋል። እኔ የምነክረው በበጋ፣ በመስኖ ስዘራ ነው፤ ያኔም መደቡን አስቀድሜ አጠጣለሁ። የነቃ ዘር ደረቅ አፈር ላይ ከወደቀ እዚያው ሊሞት ይችላል።

ሰናይት፦ እንግዲህ ቅዳሜ ቀይ ሥር እዘራለሁ፣ መደቡም ተዘጋጅቷል።

ጋሽ ታደሰ፦ ዓርብ ማታ እራት ስትበዪ ንከሪው፣ ቅዳሜ ጠዋት አጥልይው። ደግሞ የባቄላው ነገር እንዳይደገም ስልክሽ ላይ የማንቂያ ደወል ሙዪበት።