ዲናሞው ምን በደለ?

እንደምን ዋላችሁ! እንኳን ለእቁባችን መዝጊያ በሰላም አደረሳችሁ።

ዳኛችን “ክረምት ሊገባ ነው፣ ስለ ጥንቃቄ አሥር ደቂቃ ተናገር” ብለውኛል። ጽፌ መጥቻለሁ፣ ወረቀቱ ይኸው። ጎማም አለበት፣ ፍሬንም አለበት። እውነቱን ልንገራችሁ ግን፣ እኔ የመጣሁት ስለ ዲናሞ፣ ሞተሩ ሲሠራ ባትሪውን ስለሚሞላው ዕቃ፣ ልናገር ነው።

ያቺን ነጭ ሃይሉክሴን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ግሽ አባይ ሽንኩርት ባራገፍን ቁጥር ስንቴ ገፍታችሁልኛል! እግዜር ይስጣችሁ። ስትገፉ ግን አንዳችሁም “ለምንድን ነው የማትነሳው?” አላላችሁኝም። እኔም ራሴን አልጠየቅሁም።

ባለፈው ነሐሴ ከወረታ የፎገራ ሩዝ ጭኜ ስመለስ መሸብኝ። ዝናቡ አይጣል ነው። ሐሙሲት ሳልደርስ የፊት መብራቱ እንደ ኩራዝ ቢጫ ሆነ፣ መጥረጊያው አንዴ ሄዶ እስኪመለስ አቡነ ዘበሰማያት ያስደግማል። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ቀይ የባትሪ መብራት ፈዘዝ ብላ በርታለች። ፈዘዝ ብላ ነው ያልኩት፣ ይቺን ያዙልኝ። እንደምንም ሐሙሲት ገብቼ ሞተሩን አጠፋሁ። ከዚያ ቁልፉን ባዞር ሞተር የሚያስነሳው ሞተሪኖ “ጠቅ” ብቻ! ጋቢና ውስጥ አደርኩ፣ ትንኙ ከኔ ጋር፣ ሩዙ ከዝናቡ ጋር።

በነጋታው ተገፍታ ተነሳች፣ እዚሁ ባሕር ዳር አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ስሙን አልጠራም፣ ዘመዱ እዚህ ሊኖር ይችላል። ልጁ ኮፈኑን ከፍቶ ዲናሞውን በመፍቻ መታ መታ አደረገና “ጋሼ፣ ሞቷል” አለኝ። በምን አወቅህ? ልምድ! “ከዱባይ የመጣ” ያለውን ሌላ ዲናሞ አሰረልኝ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ቀይዋ መብራት መጣች። “ይሄም ሞቷል፣ እድልዎ ነው” አለኝ። ደግሞ ገዛሁ። የእቁብ እጣዬ እንዳለ ዲናሞ ላይ አለቀ።

በሦስተኛው ጊዜ፣ ፖሊ ቴክኒክ የሚማረው የእህቴ ልጅ ቴስተሩን ይዞ ቤት መጣ። ቴስተር ማለት በኪስ የምትያዝ፣ ቮልት የምትለካ ዕቃ ናት። ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ ለካ፣ 12.3። ከዚያ ዲናሞው ጀርባ ላይ፣ ወፍራሙ ሽቦ የሚታሰርበት ብሎን ላይ ለካ፣ 14.3! “አጎቴ፣ ዲናሞው እየሠራ ነው፣ ጉልበቱ መንገድ ላይ ነው የሚቀረው” አለኝ። ሽቦውን ተከትለን ሄድን። ጫፉ አረንጓዴ ዝገት አውጥቷል። ፋቀው፣ አጥብቆ አሰረው፣ ባትሪው ላይ 14.1 መጣ። መብራቷ ጠፋች። ፈዝዛ ስትበራ ችግሩ እንዲህ ያለ ልል ወይ የዛገ ሽቦ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ያ ከፋብሪካ አብሯት የመጣው የጃፓን ዲናሞዬ ምን በደለ? ምንም! ጋራዡ ሄጄ “አሮጌውን መልስልኝ” ስለው “ጣልነው” አለኝ። ጣልነው! ማን ነው ዲናሞ ውስጥ ያለውን መዳብ የሚጥለው? ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ዕቃው የእናንተ ነው! ሳይለካ የሚፈታውን አትክፈሉት፣ የተፈታውን ዕቃ እጃችሁ ላይ ሳያስቀምጥም አትክፈሉት!

አንዳንዱ ደግሞ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ሽቦ ይነቅልና “ካልጠፋች ዲናሞው ደህና ነው” ይላል። እባካችሁ ይሄን ሰውዬ ከመኪናችሁ አርቁልኝ። ባትሪው ሲነቀል ቮልቱ በድንገት ይዘልና ዲናሞው ውስጥ ያሉትን ዳዮዶች፣ ኤሌክትሪኩን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉትን፣ ሊያቃጥል ይችላል። ደህናውን ገድሎ “ሞቷል” ይላችኋል።

አለካኩም ቀላል ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ያረፈ ሙሉ ባትሪ 12.6 ገደማ ያሳያል። ሲነሳ ከ13.8 እስከ 14.5 መሆን አለበት። የፊት መብራቱንና ማራገቢያውን አብሩና ድጋሚ ለኩ፣ ከ13 በታች ከወረደ ነገር አለ። ከ15 ካለፈ ደግሞ ቮልቱን የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር ነው፣ ባትሪውን ይቀቅለዋል።

ሚያዝያ ላይ ያ መጨረሻ የገዛሁት ዲናሞ በእውነት ሞተ። ዘንጉ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ይጮሃል፣ ባትሪው ላይም ዲናሞው ላይም 12.2፣ ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ ጠበቅ ያለ፣ ፊውዙ ደህና። ያኔ ግቢዬ ውስጥ ራሴ ፈታሁት። መጀመሪያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ነቀልኩ። ለምን? ዲናሞው ጀርባ ያለው ወፍራም ሽቦ ሞተሩ ጠፍቶም እሳት አለው፣ መፍቻችሁ የመኪናውን ብረት ከነካ ብልጭታውን ታያላችሁ። ማጥበቂያውን አላልቼ ቺንጋውን አወጣሁ፣ ሶኬቱንና ሽቦውን ነቀልኩ፣ ሁለቱን ትልልቅ ብሎኖች ፈታሁ። አሮጌውን ይዤ ሄጄ ጎን ለጎን አስተያይቼ ገዛሁ፣ ቺንጋው የሚገባበት ፑሊ፣ ሶኬቱ፣ የብሎን ቀዳዳው አንድ መሆን አለበት።

እንደኔ የድሮ ናፍጣ ሃይሉክስ ያላችሁ ግን ስሙኝ። ዲናሞው ጀርባ ላይ ቫኩም ፓምፕ አለ፣ የዘይት ቱቦም ይገባበታል። ዘይት ይፈስሳል፣ ዕቃ አስቀምጡበት፣ የመዳብ ዋሸሮቹን በአዲስ ቀይሩ። ፍሬኑን የሚያግዘው እሱ ነው፣ ስለዚህ ከግቢ ሳትወጡ ፔዳሉን ረግጣችሁ ሞክሩ። ቺንጋው በአውራ ጣት ሲጫኑት አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ይግባ። አዲስ ቺንጋ ከሆነ ከጥቂት ቀን በኋላ ድጋሚ አጥብቁት።

ጎማ... ጎማውን ታውቁታላችሁ። የፍሬኑንም ነገር ነካክቼዋለሁ።

ቴስተሬን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጫለሁ፣ ከእቁቡ ጋር ትዙር። መኪናዬ ውጭ ኮፈኗ ተከፍቶ ቆማለች፣ ጠላው እስኪቀዳ ኑና እንለካ። ቀጥሎ የዳኛችንን ነው፣ ዛሬ ጠዋት ሲያስገፉ አይቻቸዋለሁ።