ዜሮ ከመስጠታችን በፊት እንደውልላቸው

በጅማ ለርቀትና ለኦንላይን ትምህርት መምህራን የምክክር መድረክ የተዘጋጀ ንግግር

የተከበራችሁ የሥራ ባልደረቦቼ፣ የሬጅስትራር ባለሙያዎች፣ ከኋላ የተቀመጣችሁ የተማሪ ተወካዮች፤ እንደምን አደራችሁ፣ አካም ቡልታን።

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርእስ በኦንላይን ኮርሶች ኩረጃን ስለመከላከልና ሲከሰት ስለምንወስደው እርምጃ ነው። ስለ መከላከሉ ጥቂት እላለሁ። የመጣሁት ግን ስለ እርምጃችን ልናገር ነው፤ ምክንያቱም ባለፉት ሁለት ዓመታት የምንወስደው እርምጃ አሳፍሮኛል።

ባለፈው ሴሚስተር አንዲት የርቀት ተማሪ ደወለችልኝ። አጋሮ አጠገብ ባለ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ሒሳብ ሠራተኛ ናት፤ የልጆች እናት ናት፤ አካውንቲንግ ትማራለች። ቀደም ሲል አንድ ኮርስ ሰጥቻት ስለነበር ስልኬ አላት። «መምህር፣ ዜሮ ተሰጠኝ፤ ግሩፕ ላይም ተለጠፍኩ» አለችኝ። አሳይመንቱ ስለ እርጅና ቅናሽ ነበር። መምህሯ ጽሑፉን ከኢንተርኔት ባገኘው፣ እንደ ቻትጂፒቲ ያለ ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) የጻፈውን እለያለሁ በሚል ነፃ የኤአይ መፈተሻ ላይ ለጥፎ፣ «84 በመቶ በማሽን የተጻፈ» የሚል ውጤት ሲያይ ስክሪንሾት አነሣ። ስክሪንሾቱን ከነመታወቂያ ቁጥሯ የክፍሉ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቀቀው። ከሥሩ «ለሌሎቻችሁም ማስጠንቀቂያ ይሁን» ብሎ ጽፏል። እሷን ግን አንዲት ጥያቄ እንኳ አልጠየቃትም።

እኔ ጠየቅኋት። «እስቲ የእናንተን የቡና መፈልፈያ ማሽን እርጅና እንዴት ነው የምታሰሉት?» አልኳት። ማሽኑ የሚሠራው እሸት ቡና በሚገባበት ወቅት ብቻ እንደሆነ፣ ከዚያ በኋላ ሸራ ለብሶ እንደሚከርም ነገረችኝ። መሥሪያ ቤቷ በየዓመቱ እኩል ይቀንሳል። እሷ ግን በዓመቱ በማሽኑ ባለፈው እሸት ቡና ኪሎ ልክ ቢቀነስ ይሻላል ትላለች፤ ምርት በጠፋበት ዓመት ማሽኑ ያን ያህል አያረጅማ! መጽሐፉ በምርት መጠን ማስላት የሚለውን ዘዴ በራሷ ማሽን ላይ አስቀምጣ አስረዳችኝ። ይህን ሁሉ ስትነግረኝ ከጎኗ ሕፃን ያለቅሳል፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፤ ስልኩም ሁለቴ ተቋርጦብናል። ከየትኛው ቻትጂፒቲ እያነበበች ነው?

ታዲያ የኤአይ መፈተሻው ለምን ጠረጠራት? እንግሊዝኛ ሦስተኛ ቋንቋዋ ነው። የተማረችው ከሞጁል ነው፤ የምትጽፈውም እንደ ሞጁል ነው። አጫጭር ዓረፍተ ነገር፣ የታወቁ ቃላት፣ መጨረሻ ላይ «ኢን ኮንክሉዥን»። መፈተሻዎቹ ደግሞ ቀጥሎ የሚመጣው ቃል በቀላሉ የሚገመት ጽሑፍ ሲያገኙ የማሽን ነው ወደማለት ያደላሉ። በ2015 ዓ.ም. የወጣ፣ የአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት አለ። እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች ቶፍል ለሚባለው የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና የጻፏቸውን 91 ድርሰቶች ለሰባት መፈተሻዎች ሰጡ፤ ሰባቱ በአማካይ 61 በመቶውን «ማሽን የጻፈው ነው» አሉ። የአሜሪካ የስምንተኛ ክፍል ልጆችን ድርሰት ሲሰጧቸው ግን እምብዛም አልተሳሳቱም። ቻትጂፒቲን የሠራው ኦፕንኤአይ ራሱ፣ በሐምሌ 2015 የራሱን መፈተሻ ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ ነው ብሎ ዘግቶታል። ባለቤቱ ያላመነውን ዓይነት መሣሪያ እኛ ዳኛ አድርገን አስቀመጥነው። የፈረድነውም እቤቱ አፋን ኦሮሞ፣ ዳውሮኛ ወይም ካፍኛ በሚናገር ልጅ ላይ ነው። እዚህ ከተቀመጥነው መካከል ይህ መፈተሻ የማይጠረጥረው እንግሊዝኛ የሚጽፍ ስንቱ ነው? የራሳችሁን የማስተርስ ጽሑፍ ዛሬ ማታ አስገቡትና እዩት!

የሴትዮዋ ዜሮ ከብዙ ምልልስ በኋላ ተነሣ። ግሩፑ ላይ የተለቀቀው ስክሪንሾት ግን እስካሁን እዚያው አለ።

ኩረጃ የለም አላልኩም። ማናችንም ከዚህ አገር ውጭ አልኖርንም። በግንቦት 2008 የአገር አቀፉ ፈተና ወጥቶ በማኅበራዊ ሚዲያ ሲዘዋወርና ፈተናው ሲሰረዝ አይተናል። በጥቅምት 2015 የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ከየቤታቸው ተነሥተው፣ ስልክ ሳይዙ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሲፈተኑ ከፈታኞቹ መካከል አንዳንዶቻችሁ ነበራችሁ። ከግማሽ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ መሆኑ ሲነገር ሁላችንም ደንግጠናል። ለአዳራሽ ፈተና ያ መፍትሔ ሊሆን ይችላል። ሊሙ ወይም ሸቤ ተቀምጦ የሚማረውን የኦንላይን ተማሪ ግን ለያንዳንዱ ኩዊዝ በአውቶቡስ ጭነን አናመጣውም።

እውነተኛው ኩረጃ የት እንዳለ ልንገራችሁ? ከዚህ አዳራሽ ውጡና ወደ አጂፕ ሰፈር በሚወስደው መንገድ ሂዱ። የመብራት ምሰሶው ላይ፣ የፕሪንት ቤቱ መስታወት ላይ ታገኙታላችሁ፤ «አሳይመንት፣ ፕሮፖዛል፣ ሪሰርች እናማክራለን» ይላል፣ ከሥሩ ስልክ ቁጥር አለ። ብትደውሉ ዋጋ የሚነገራችሁ በምዕራፍ ነው። ለአስቸኳይ ጭማሪ አለው። ከፈለጋችሁ የኦንላይን ኩዊዙንም በእናንተ ስም ገብተው ይሠሩላችኋል፤ የይለፍ ቃል መስጠት ብቻ ነው። ይህንን የትኛውም የኤአይ መፈተሻ አይዘውም፤ የጻፈው ሰው ነዋ! የተማረ ሰው። እንዲያውም ከእነዚህ ቁጥሮች አንዳንዱ ስልካችን ላይ በስም የተመዘገበ እንደሆነ የምናውቅ እዚህ አለን። ቀን አስተምሮ ማታ የተማሪውን ሪሰርች የሚጽፍ ባልደረባ እያለን፣ ከጀርባዋ ልጅ አዝላ የጻፈችውን እናት ግሩፕ ላይ እንሰቅላለን! ደመወዛችን አይበቃም፣ አውቃለሁ፤ የእኔም አይበቃኝም። ተማሪን ለመቅጣት ከመነሣታችን በፊት ግን እነዚያን ወረቀቶች የለጠፉትን እንጠይቅ።

ሁለተኛው ምንጭ የራሳችን ጥያቄ ነው። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይባላል፤ ቀዳዳውን የከፈትነው እኛ ነን። ያንኑ ፋይናል ቀኑን ብቻ ቀይረን ዓመት ከዓመት እንሰጣለን። ሲኒየሮች ፎቶ አንሥተው ቴሌግራም ላይ አስቀምጠውታል፤ አዲስ ገቢው ገና ሞጁሉን ሳያገኝ ፈተናውን ያገኛል። በእኛ ጊዜ አጤሬራ ለመጻፍ እንኳ አንድ ጊዜ ምዕራፉን ማንበብ ግድ ነበር። የምንጠቀምበት የኦንላይን ማስተማሪያ ሥርዓት፣ ሙድል፣ ከትልቅ የጥያቄ ባንክ ለያንዳንዱ ተማሪ የተለያየ ጥያቄ መርጦ፣ ቅደም ተከተሉን በጥብጦ፣ ሰዓት ገድቦ ማቅረብ ይችላል፤ ያለ ተጨማሪ ክፍያ። ባንኩን መሙላት ግን ሥራ ነው።

ካሜራ ከፍተን እንጠብቃቸው የምትሉ አላችሁ። መብራት በሚጠፋበት፣ ዳታ በካርድ በሚሞላበት፣ ቤተሰቡ ሁሉ አንድ ክፍል ውስጥ በሚያድርበት ቤት ካሜራ የሚይዘው ድሃውን ነው። በአሜሪካ እንኳ ኦሃዮ ያለ ፌዴራል ፍርድ ቤት በነሐሴ 2014፣ ተማሪው ከፈተና በፊት መኝታ ክፍሉን በካሜራ እንዲያሳይ ማስገደድ ሕገ መንግሥቱን የጣሰ ፍተሻ ነው ብሎ ወስኗል።

እኔ የምለው ቀላል ነው፤ እናናግራቸው። የጤና ተማሪዎች ቫይቫ፣ ማለትም የቃል ፈተና፣ ሳይቀመጡ አይመረቁም፤ የእኛ ለምን ይቀራል? ስሌቱን ሠርቼዋለሁ። 120 ተማሪ ያለበትን ክፍል ሁሉንም አሥር አሥር ደቂቃ ብናናግር 20 ሰዓት ይፈጃል፤ አንችልም። ከስድስት አንዱን በዕጣ ብንጠራ ግን ሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ነው፤ በሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ያልቃል። ማን እንደሚጠራ አስቀድሞ ስለማይታወቅ ሁሉም ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። በስልክ ይሆናል፣ በፈለገው ቋንቋ ያስረዳ፤ የምንፈትነው አካውንቲንግ ነው። ሪሰርቹን የገዛ ሰው «ይህን ቁጥር ከየት አመጣኸው?» ሲባል ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ዝም ይላል። ያን ዝምታ ምሰሶ ላይ ያለው ሰውዬ አይሸፍንለትም። ደግሞ እኛ ብናልፈው 2015 ላይ የተጀመረው የመውጫ ፈተና አለ፤ የሚከፍለው ገንዘብ ያኔ አያድነውም።

አሳይመንቱም እዚሁ ይሁን። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርትን መለያው ካደረገ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ተማሪዎቹ ቀበሌ ለቀበሌ ሲዞሩ እያየን ነው ያደግነው። የኦንላይን ተማሪም ያለበት ቦታ ይጠየቅ። «የወጪ ዓይነቶችን ዘርዝር» ስንለው ቻትጂፒቲ ይዘረዝርለታል። «በሐሙስ ገበያ አንድ የቡና ሰብሳቢ አናግረህ የሳምንቱን ወጪውን ጻፍ» ስንለው ግን ቢያንስ ከቤቱ መውጣት አለበት።

ስለ እርምጃው አጭር ልበል። ጥርጣሬ ሲኖር በግል ይደወል፤ ረቂቁን ወይም የጎግል ዶክስ የለውጥ ታሪኩን ያሳይ፤ መልስ ይስጥ። ጥፋቱ ከተረጋገጠ ይቀጣ፤ አልከራከርም። የመጀመሪያ ጥፋትና የተገዛ ሪሰርች ግን እኩል አይቀጡ። የማንም ስም፣ የማንም መታወቂያ ቁጥር ግሩፕ ላይ አይለጠፍ።

ስለ ኩረጃ የተዘጋጀው ረቂቅ መመሪያ ከሻይ በኋላ ይታደላል። እዚያ ላይ የመፈተሻ ሶፍትዌር ይገዛ የሚል አንቀጽ አለ። የቃል ጥያቄ የምናደርግበት ሰዓት ግን እስካሁን በክፍያ አይታሰብም፤ የሚታሰበው የክሬዲት ሰዓቱ ብቻ ነው። አንቀጹ ወጥቶ ገንዘቡ ለዚያ ሰዓት ክፍያ እንዲውል የሚጠይቅ ማሻሻያ ጽፌ መጥቻለሁ። ፊርማ ያስፈልገዋል፤ በሻይ ሰዓት በሩ አጠገብ ታገኙኛላችሁ። አመሰግናለሁ፣ ገለቶማ።