ባሕረ ሐሳብን በስምንት ብንጽፈውስ?

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ከአራት ኪሎ ነው የማወራችሁ። ከታች ረዳቶቹ «መገናኛ፣ መገናኛ» ሲሉ ከተሰማችሁ ችላ በሉት፣ መስኮቱን ብዘጋው ክፍሉ ይታፈናል።

የዛሬው ወሬ ቁጥር ነው። በስምንት ስለሚጻፍ ቁጥር፣ ኦክታል ስለሚሉት። አሃዞቹ ከ0 እስከ 7 ብቻ ናቸው። ከ7 ቀጥሎ 10 ይጻፋል፣ ያ 10 ግን ስምንት ነው። 100 ደግሞ ስልሳ አራት። ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት የነካካ ሰው የፋይል ፈቃድ ላይ 755 ሲጻፍ አይቷል፤ ብዙው ሰው ኦክታልን እዚያ ያገኘዋል፣ እዚያው ይተወዋል። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው።

ትምህርት ቤት አንድ ቁጥር ለ9 እኩል መካፈሉን ለማወቅ አሃዞቹን ደምሩ ተብለናል አይደል? የሚሠራው 9 ከ10 በአንድ ስለሚያንስ ነው። አሥር ለ9 ሲካፈል 1 ይተርፋል፣ መቶም 1፣ ሺህም 1። ስለዚህ የአሃዞቹ ድምር ለ9 ሲካፈል የሚተርፈው ከራሱ ከቁጥሩ ከሚተርፈው ጋር አንድ ነው። በስምንት ስንጽፍ ይሄ ዕድል ለ7 ይደርሰዋል። ሰባት ደግሞ ሳምንት ነው!

እዚህ ጋ ነው ባሕረ ሐሳብ፣ በዓላትና አጽዋማት የሚወጡበት የዘመን ስሌታችን፣ የሚመጣብኝ። የእንቁጣጣሽን ዕለት ለማግኘት ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 እንጨምራለን፣ ዓመተ ዓለም ይሆናል። እሱን ለ4 አካፍለን ቀሪውን ስንተው መጠነ ራብዒት ይወጣል። ሁለቱን ደምረን ለ7 እናካፍላለን፤ 0 ከተረፈ ሰኞ፣ 1 ከተረፈ ማክሰኞ፣ እንዲህ እያለ 6 እሑድ።

2018ን እንይ። ዓመተ ዓለሙ 7518፣ መጠነ ራብዒቱ 1879፣ ድምሩ 9397። ይሄ በስምንት ሲጻፍ 22265 ነው። አሁን አሃዞቹን ብቻ ደምሩ፦ 2፣ 2፣ 2፣ 6፣ 5፤ አሥራ ሰባት። ሁለት ጊዜ ሰባት ሲወጣለት 3 ይቀራል። ሐሙስ! መስከረም 1 ቀን 2018 ሐሙስ ነው፣ ካላንደር ላይ እዩት።

ዓመቱ የሚሰየምበት ወንጌላዊስ? ዓመተ ዓለሙ ለ4 ተካፍሎ በሚተርፈው ነው የሚታወቀው። በአሥር ስንጽፍ የመጨረሻዎቹን ሁለት አሃዞች ማየት ግድ ነው። በስምንት ግን የመጨረሻዋ ብቻ ትበቃለች፣ ስምንት ራሱ ለ4 እኩል ስለሚካፈል። 7518 በስምንት 16536 ነው። ከ6 አራት ሲቀነስ 2፤ ማርቆስ። በ2019 መጨረሻዋ 7 ትሆናለች፣ 3 ይተርፋል፤ ሉቃስ፣ ጳጉሜን 6 የምትሆንበት ዓመት።

ከሁሉ የምወደው ግን መጠነ ራብዒቱን ነው። ለ4 ማካፈል እንኳን አያስፈልግም። 16536ን በስምንት ስሌት እጥፍ አድርጉት፣ 35274 ይሆናል። የመጨረሻዋን አሃዝ ጣሏት፤ 3527። አለቀ፣ ይሄው 1879 ነው። ለ4 ማካፈል ማለት በ2 አባዝቶ ለ8 ማካፈል ነዋ፣ ለ8 ማካፈል ደግሞ በዚህ አጻጻፍ አንድ አሃዝ መጣል ነው። ከዚያ 16536 እና 3527 ሲደመሩ፣ ስምንት ሲሞላ አንድ እየያዛችሁ፣ ያው 22265 ይመጣል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማጠፍና መደመር ብቻ!

ወረቀት አውጡና 2019ን ራሳችሁ ሞክሩት። ዓርብ መውጣት አለበት።