አስቀደስክ?

ማርታ፦ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬም ከጎንደር ነን፣ ፒያሳ። መብራት ጠፍቷል። ከታች ያለው ካፌ ጄኔሬተር ሲያጓራ ከሰማችሁ ታገሡን። እኔ ማርታ ነኝ።

ዳዊት፦ ዳዊት ነኝ። ቡናዬ ቀዝቅዟል።

ማርታ፦ ባለፈው ክፍል መጨረሻ ላይ ሳላስበው "እኔ ካቶሊክ ነኝ" ብዬ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስልኬ አላረፈም። ግማሹ ሰው "ጴንጤ ነሽ ማለት ነው?" ይላል።

ዳዊት፦ ግማሹስ?

ማርታ፦ ግማሹ ካቶሊክ ስለሆነው ንጉሥ ስለ አፄ ሱስንዮስ ይወቅሰኛል። አጎቴ ይመስል።

ዳዊት፦ (እየሳቀ) እዚህ አገር ካቶሊክ ከሆንሽማ ሱስንዮስ የሥጋ ዘመድሽ ነው።

ማርታ፦ እውነቴን ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ነው እዚህ። የተወለድኩት እምድብር ነው፣ ጉራጌ፣ ለዩኒቨርሲቲ መጥቼ በዚያው ቀረሁ። ማራኪ ሰፈር ቤት የተከራየሁ ጊዜ አከራዬ እማማ አንገቴን አዩ። ማተብ የለም። አንዲት ትንሽ የብር ሜዳሊያ ብቻ ናት ያለችው፣ የማርያም ምስል ያለባት። "ልጄ፣ ጴንጤ ነሽ እንዴ?" አሉኝ። "አይ እማማ፣ ካቶሊክ ነኝ" አልኳቸው። "እሱስ ያው ጴንጤ አይደል?" ሜዳሊያዋን አውጥቼ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን ፈለጉ። መስኮቱ ጋ ወስደው አገላብጠው አዩዋት። ከዚያ ሳሟት። "ታዲያ እሷን አንገትሽ ላይ አንጠልጥለሽ፣ ምን ሆነሽ ነው ወዲያ የሄድሽው?" አሉኝ።

ዳዊት፦ "ወዲያ" አሉሽ?

ማርታ፦ እኔ የትም አልሄድኩም እኮ! አያቴም እዚያው ነበረች። ግን ምን ብዬ ላስረዳቸው? የእኛ የእምድብሩ ቅዳሴ ግዕዝ ነው። ዲያቆኑ "ተንሥኡ ለጸሎት" ሲል ዓይንህን ብትጨፍን እዚህ ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ያለህ ነው የሚመስልህ። እስከ ሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ስም ድረስ ማለቴ ነው። እሱ ሲጠራ ዓይንህን ትገልጣለህ።

ዳዊት፦ የእኔ እንዲህ አልነበረም። እናቴ የሶዶ ልጅ ናት፣ ወላይታ። የዚያ አካባቢ ካቶሊክ የላቲን ሥርዓት ነው። አግዳሚ ወንበር ላይ ጫማችንን እንዳደረግን ቁጭ፣ ከዚያ መዝሙር፣ ከበሮ፣ በአንድ ሰዓት ተኩል ወደ ቤት። ኦርቶዶክስ ከሆንሁ በኋላ የመጀመሪያውን ቅዳሴ በባዶ እግሬ ቆሜ ሳስቀድስ ጉልበቴ ከዳኝ። ሃይማኖት በጉልበት ነው ሲሉ በኃይል የሚሉ ይመስለኝ ነበር።

ማርታ፦ ቆይ፣ አንተን በኋላ። መጀመሪያ ሱስንዮስን ገላግለኝ። አስጎብኚ ነህ፣ በየቀኑ ነው የምታወራው።

ዳዊት፦ በቀን ሁለቴ ካቶሊኮችን ከአገር አባርራለሁ። ጠዋት አንዴ፣ ከምሳ በኋላ አንዴ። ፋሲል ግቢ ውስጥ ቆሜ "ሃይማኖት ይመለስ፣ ፋሲል ይንገሥ!" ስል፣ ከአዲስ አበባ የመጣው ጎብኚ ያጨበጭብልኛል።

ማርታ፦ እስቲ በአጭሩ።

ዳዊት፦ ፔድሮ ፓኤዝ የሚባል ስፔናዊ ጀስዊት፣ ማለት የካቶሊክ ማኅበር ቄስ፣ በፈረንጆቹ 1603 ገባ። ብልህ ሰው ነበር። ቋንቋ ለመደ፣ ከአፄ ሱስንዮስ ጋር ወዳጅ ሆነ፣ አልቸኮለም። ንጉሡ በ1622 ካቶሊክ መሆኑን በይፋ ተናገረ፤ ፓኤዝም በዚያው ዓመት ሞተ። በእሱ እግር አፎንሶ ሜንዴዝ ፓትርያርክ ሆኖ መጣ። ይኼኛው ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረበትም። ቅዳሜን አታክብሩ፣ አትገረዙ፣ ቄሶቻችሁ እንደገና ይካኑ፣ ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ አለ። አገር ተነሣ። በ1632 በአንድ ጦርነት ብዙ ሺህ ሰው አለቀ። ንጉሡ ያሸነፈው ጦርነት ነው፣ ግን የወደቀው የገዛ ሕዝቡ ነበር። በቃኝ አለ። ሃይማኖቱን መለሰ፣ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲል ለቀቀ። ፋሲል ጀስዊቶቹን አስወጣ፣ በ1636 ጎንደርን ቆረቆረ።

ማርታ፦ የሱስንዮስን ምላስ ዘለልከው።

ዳዊት፦ ለአንቺ ብዬ ነው። ለጎብኚ አልዘለውም። "ምላሱ ተጎልጉሎ አልመለስ አለ፣ አዋጁን ያስነገረ ቀን ተመለሰለት" ይባላል። ሰው እሱን ነው የሚወደው።

ማርታ፦ እኔን ሁልጊዜ የሚከነክነኝ ሜንዴዝ ነው። "እንደገና ይጠመቅ" ያለው ነገር። ተጠምቆ ያደገን ሽማግሌ፣ "ጥምቀትህ አይቆጠርም፣ ና ጎንበስ በል" ማለት። ምን ዓይነት ድፍረት ነው?

ዳዊት፦ (ዝም ይላል)

ማርታ፦ ምነው?

ዳዊት፦ እኔም እንደገና ተጠምቄያለሁ እኮ።

ማርታ፦ አንተ? ይህን ነግረኸኝ አታውቅም።

ዳዊት፦ ለማንም አልተናገርሁም። ኦርቶዶክስ መሆኔን ሰው ያውቃል። እንዴት እንደሆንሁ የሚጠይቅ የለም። አባቴ ጎንደሬ ነው፣ ስሜም የዚህ አገር ስም ነው። ሁሉም ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲሁ የነበርሁ ይመስለዋል።

ማርታ፦ ለጋብቻ ነው?

ዳዊት፦ ለጋብቻ። በካቶሊክ በኩል ብዙ ችግር አልነበረውም። ከጳጳስ ፈቃድ ይመጣል፣ ሚስትህ ኦርቶዶክስ እንደሆነች ትጋባላችሁ። በዚህ በኩል ግን ሁለታችሁም ካልሆናችሁ ተክሊልም ቁርባንም የለም። እና አስቢው። አንዱ ቤት በሩን ገርበብ አድርጎታል፣ ሌላው ዘግቶታል። ማን ይወጣል?

ማርታ፦ በሩ ገርበብ ያለበት።

ዳዊት፦ ያውልሽ። እና ተጠመቅሁ። ኅዳር ነው፣ ጎህ ሲቀድ። የጎንደር የኅዳር ውኃ ታውቂዋለሽ። ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ክርስትና አባት ያስፈልጋል ተባለ፣ የሚስቴ ወንድም ሆነልኝ። በሦስት ዓመት ያንሰኛል! እስከ ዛሬ ቢራ ስንጠጣ "ልጄ" ይለኛል።

ማርታ፦ (ትስቃለች) ይቅርታ። ይቅርታ፣ ቀጥል።

ዳዊት፦ ቄሱ ወደ ምዕራብ ዙር አሉኝ፣ ሰይጣን የሚካደው ወደ ምዕራብ ተዙሮ ነው። ዞርሁ። "ሰይጣንን እክዳለሁ" አልሁ። እና እዚያ ቆሜ፣ ጋቢ ለብሼ፣ ጥርሴ እየተንገጫገጨ፣ ሮም በየት በኩል ናት ብዬ አሰብሁ።

ማርታ፦ ኧረ አንተ!

ዳዊት፦ እውነቴን ነው! እኔ የካድሁት ሰይጣንን ብቻ ነው። ሌላ ነገር ካድ ያለኝ የለም። ግን እናቴ ሶዶ ላይ አቅፋ ያስጠመቀችኝ ሕፃን ምን ሆነ? እሱ ጥያቄ አልወጣልኝም። ቄሱ ደግ ሰው ናቸው፣ ዛሬም የንስሐ አባቴ ናቸው። እሳቸውን ልጠይቅ እፈልግና ደግሞ እተወዋለሁ።

ማርታ፦ እኔ አሁን ማንን እንደምቆጣ አላወቅኩም። ከአራት መቶ ዓመት በፊት የእኛዎቹ ናቸው እዚሁ አገር ሰው እንደገና እናጥምቅ ያሉት።

ዳዊት፦ ሜንዴዝን ነው የምትቆጪው። እኔም በቀን ሁለቴ የምቆጣው እሱን ነው፣ ደሞዝ ይከፈለኛል።

ማርታ፦ እኔ ደግሞ ሳልወጣ ወጥቼ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ላይ ማስቀደስ አቆምኩ። ሦስት ዓመት ያህል። ሰው ሲጠይቀኝ ትልቅ ምክንያት እሰጥ ነበር፣ ስለ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ምናምን። ስንፍና ነው። እሁድ ጠዋት ልብስ ማጠብ ነበረብኝ።

ዳዊት፦ እዚህ ስንት ናችሁ?

ማርታ፦ በጣት የምንቆጠር። በአገሩም ቢሆን ብዙ አይደለንም፣ በ1999ኙ ቆጠራ ከመቶ አንድ አልሞላንም። እኛ ያለንበት የባሕር ዳር ደሴ ሀገረ ስብከት ራሱ የተቋቋመው በ2007 ዓ.ም. ነው፣ ገና ልጅ ነው። ሰው ሲያንስ ደግሞ መቅረት ያስፈራል። አዲስ አበባ ብትቀር ማንም አያውቅም። እዚህ አንድ እሁድ ብትቀር ሰኞ "አሞሽ ነበር?" ተብሎ ይደወላል። መጀመሪያ ያስቀረኝም፣ በኋላ የመለሰኝም እሱ ስልክ ነው።

ዳዊት፦ ኑዛዜስ? እኔ የሚናፍቀኝ እሱ ነው፣ ብታምኚም ባታምኚም። መናዘዣው ውስጥ በወንፊት በኩል ለማላየው ሰው ሹክ ብዬ መውጣት። የንስሐ አባት ሌላ ነው። ቤትህ ይመጣል፣ ጠበል ይረጫል፣ ጠላ ይቀምሳል፣ ሚስትህን ያውቃል፣ ልጅህን ይመርቃል። እንዴት አድርጌ ነው ለእሱ ያንን ሁሉ የምነግረው?

ማርታ፦ ግን ስትሞት አለልህ።

ዳዊት፦ አዎ። እሱ ነው ትልቁ ነገር።

ማርታ፦ እማማ አንድ ቀን ቡና እያፈሉ፣ ሁለተኛው ላይ፣ ድንገት "ማርታዬ፣ አንቺ ብትሞቺ የት ነው የምትቀበሪው?" አሉኝ። ክፋት የለባቸውም። አስበውበት ነው። "ፍትሐት ማን ያደርግልሻል? የንስሐ አባት የለሽ። እኔ እድሩን ላናግር እችላለሁ፣ ድንኳኑ ይተከልልሻል፣ ንፍሮው ይቀቀላል። መሬቱን ግን እኔ ምን ላድርገው?" ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ስለ ተዋሕዶና ሁለቱን አብያተ ክርስቲያናት ስለለያየው ስለ ኬልቄዶን ጉባኤ ስንት ክርክር ሰምቻለሁ፣ አንዱም እንደዚያ አልነካኝም።

ዳዊት፦ ሰው ስለ ክርስቶስ ባሕርይ ተከራክሮ ሃይማኖት ሲቀይር አይቼ አላውቅም። በሠርግና በቀብር ነው።

ማርታ፦ "የፈረንጅ ሃይማኖት" ሲሉኝ ግን እናደዳለሁ። ያኔ አባ ገብረ ሚካኤልን ነው የምጠራው። ጎጃሜ ናቸው፣ የተዋሕዶ መነኩሴ ነበሩ፣ እዚሁ ጎንደር የተማሩ ሊቅ። እያወቁ፣ ጠይቀው፣ ተከራክረው በፈረንጆቹ 1844 ካቶሊክ ሆኑ። ጎንደር ታስረው ተገረፉ፣ በ1855 በሰንሰለት እንደታሰሩ ሞቱ። ሮም በ1926 ብፁዕ አለቻቸው። እሳቸው ፈረንጅ ናቸው?

ዳዊት፦ እሳቸውን በጉብኝቴ ላይ አልጠቅስም።

ማርታ፦ ለምን?

ዳዊት፦ ታሪኩን ያበላሽብኛል። "መጡ፣ ተባረሩ፣ ከተማው ተሠራ" ነው የሚያምረው። (ዝም ይላል) ልጨምራቸው እችላለሁ። ጠዋት ጠዋት።

ማርታ፦ እናትህስ ምን አለች? ስትጠመቅ።

ዳዊት፦ እናቴ አታውቅም።

ማርታ፦ ምን?

ዳዊት፦ በኦርቶዶክስ ማግባቴን ታውቃለች። ፈቃድ ተሰጥቶ ነው ብላ ነው የምታስበው። አንድ ጊዜ ልትጠይቀን መጥታ ጎርጎራ ወሰድኋት፣ የጀስዊቶቹ ፍርስራሽ ጋ፣ ጣና ዳር። አስጎብኚነቴ ተነሣብኝ፣ ፓኤዝ እንዲህ፣ ሜንዴዝ እንዲያ እላለሁ። ዞር ስል ጫማዋን አውልቃለች። በሶዶ በጫማ የምትገባ ሴትዮ! ድንጋዩን ይዛ "ጸጋ የሞላሽ ማርያም" ትላለች። መቀበል ነበረብኝ፣ እኛ ቤት አንዱ ሲጀምር ሌላው ነው የሚጨርሰው። አፌን ስከፍት የመጣልኝ የኦርቶዶክሱ "በመልአኩ በቅዱስ ገብርኤል ሰላምታ" ነው።

ማርታ፦ ሰማችህ?

ዳዊት፦ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ እኔ ያቆምሁበትን ራሷ ጨረሰችው። ምንም አላለችም። እሁድ እሁድ ማታ ትደውልልኛለች። "አስቀደስክ?" ትላለች። "አስቀደስሁ" እላለሁ። ውሸት አይደለም።

ማርታ፦ ዳዊት፣ ይህን እየቀዳን እኮ ነው።

ዳዊት፦ እናቴ ፖድካስት አትሰማም።

ማርታ፦ እህትህስ?

ዳዊት፦ እህቴ ትሰማለች።

ማርታ፦ እና? ቆርጠን እናውጣው? ንገረኝ፣ አሁኑኑ አወጣዋለሁ።

ዳዊት፦ (ረጅም ዝምታ፤ ጄኔሬተሩ ይሰማል) እሁድ መቼ ነው የሚወጣው?

ማርታ፦ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ።

ዳዊት፦ እናቴ የምትደውለው ማታ ነው። ተይው፣ ይውጣ።