የጅብ ጥላውን ከነሥሩ አውጡት

የተከበራችሁ ወላጆች፣ አባቶቼና እናቶቼ፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ልጆቼ፤ እንደምን ዋላችሁ።

በዛሬው የሰኔ 30 በዓላችን ላይ ስለ ክረምቱ ዕረፍት ጥቂት እንድናገር ተጠይቄ ነው የቆምኩት። እዚህ ደብረ ሲና 31 ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬአለሁ። ከእናንተ ግማሹን ራሱን፣ የቀረውን ደግሞ ልጆቹን አስተምሬአለሁ። ስለዚህ ብቆጣም የእናት ቁጣ ነው ብላችሁ ውሰዱልኝ።

ነገ ሐምሌ ይገባል። ዝናቡ መሬቱን ሲያጠግበው ከወፍ ዋሻ ጫካ ግርጌ እስከ ተተከሉት ዛፎች ድረስ የጅብ ጥላ፣ እንጉዳዩ፣ ይፈላል። ፍልሰታ ሲገባ ደግሞ ለጾም ወጥ ይፈለጋል። እረኛው በጋቢው ጫፍ ቋጥሮ ይመጣል፣ እናቱ መርቃ ትቀበለዋለች፣ በሽንኩርትና በዘይት ትሠራዋለች። ሁላችንም በልተን አድገናል። እኔም ወደፊት አልበላም አልልም።

የእኅቴን ልጅ ግን ታስታውሳላችሁ። ብዙዎቻችሁ ቀብሩ ላይ ነበራችሁ። 14 ዓመቱ ነበር። ቤተሰቡ ለቅሶ ሄዶ ስለነበር የለቀመውን ራሱ ጠብሶ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ብቻውን በላ። ምንም አልሆነም፣ ተኛ። ሊነጋጋ ሲል፣ አሥር ሰዓት ገደማ፣ ማስመለስና ተቅማጥ ያዘው። ሐኪም ቤት ወሰድነው፣ የሆድ ሕመም ነው ተባለ፣ ግሉኮስ ተሰጠው። በማግስቱ ቀለል አለው፣ ሳቀ፣ ቤቱ ገባ። እኅቴ እመቤቴን አመስግና ጠበል ጠዲቅ ልታዘጋጅ ነበር። በሦስተኛው ቀን ዐይኑ ቢጫ ሆነ። ጉበቱ ነበር ያለቀው። በዚያ ሁሉ ደጅ ምን በላህ፣ መቼ በላህ ብሎ የጠየቀው አንድ ሰው አልነበረም። አንድ ሰው! ይኼ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ከቀብሩ በኋላ አብሮት የለቀመው ልጅ ቦታውን አሳየኝ፤ ከተተከለው ፓቱላ ከሚባለው የፈረንጅ ጥድ ሥር ነው። አዳዲስ በቅለዋል። አንዱን እንደ ልጆቹ ከላይ ይዤ ሳብኩት፤ ንጹሕ፣ ነጭ፣ የሚያምር ሆኖ ቅንጥስ አለ። ሁለተኛውን በቢላ ዙሪያውን ቆፍሬ አነሣሁት። እግሩ እንደ ተሰበረ እንቁላል ቅርፊት በተቀደደ ነጭ ከረጢት ውስጥ ቆሟል። መርዘኛነቱን የሚናገረው ምልክት አፈር ውስጥ ነበር፤ ልጁ ግን ምልክቱን እዚያው ትቶ ሥጋውን ይዞ ገባ።

እኔ ዛሬ የመጣሁት ይህን ለማለት ነው፦ የጅብ ጥላ አትቀንጥሱ፤ ቆፍራችሁ ከነሥሩ አውጡ!

ካወጣችሁት በኋላ ገልብጡት። ከጥላው ሥር እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደረደሩትን ስስ ቅጠሎች እዩ። በግጦሽ መስክ ላይ የምንለቅመው ደጉ እንጉዳይ ቅጠሉ በልጅነቱ ሮዝ ነው፣ ሲያረጅ እንደ ቸኮሌት ይጠቁራል፤ ከረጢትም የለውም። ቅጠሉ ነጭ ሆኖ፣ እግሩ ላይ ቀለበት፣ ሥሩ ላይ ከረጢት ካለው አትንኩት። ገና እንቁላል መስሎ ያለውን ከላይ እስከ ታች ለሁለት ሰንጥቁት፤ ውስጡ ጥላና እግር ተሥሎ ከታየ ያው ከከረጢት የሚወጣው ሊሆን ይችላል። የተጠራጠራችሁትን ጥላውን ቆርጣችሁ ግማሹን በነጭ፣ ግማሹን በጥቁር ወረቀት ላይ አስተኙት፤ ብርጭቆ ድፉበትና ይደር። ጠዋት ወረቀቱ ላይ የወደቀው ብናኝ ቡና ዓይነት ከሆነ ደጉን ይመስላል፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ደጉ አይደለም። የእግሩ ሥር ሲቆረጥ ቶሎ ቢጫ የሚሆነው፣ ቀለም ቀለም የሚሸተውም ሆድ ይበጠብጣል። በጥላው ቀለም ብቻ ግን አትፍረዱ፤ ዝናብ ምልክቱን ያጥበዋል። ደግሞም ይህ ሁሉ ቢሟላ እንኳ በስሙ የማታውቁትን አትብሉ።

አሁን ደግሞ የምቆጣበት። «ዝንጀሮ የበላውን ሰው ይበላዋል» የምትሉ አላችሁ። ቀንድ አውጣ ገዳዩን እንጉዳይ በልቶ በሰላም ይሄዳል! «ነጭ ሽንኩርት አብሮት ካልጠቆረ ደህና ነው» የምትሉ አላችሁ። አይጠቁርም፣ ይገድላል! «ደጋግሜ ቀቅዬ ውኃውን ደፋሁት» የምትሉ አላችሁ። ያ መርዝ በእሳትም፣ በፀሐይ በማድረቅም አይለቅም! ይህን ወሬ ለልጅ የሚያስተምር አዋቂ ከእንግዲህ በዚህ ወረዳ አይኑር!

ሌላው አጭር ነው። የበላ ሰው ከስድስት ሰዓት በላይ ቆይቶ ከታመመ እስኪሻለው አትጠብቁ፤ ተሻለኝ ቢልም አትመኑት። የተረፈውን፣ ልጣጩንም ቢሆን፣ ይዛችሁ ሂዱ። ሐኪሙ ካልጠየቃችሁ እናንተ ንገሩት።

ልጆች፣ እናንተ ደግሞ በዚህ ክረምት ያገኛችሁትን ከነአፈሩ በቅጠል ጠቅልላችሁ አምጡልኝ፤ ለየብቻ፣ ሳትቀላቅሉ፣ ከየትኛው ዛፍ ሥር እንዳወጣችሁት ጽፋችሁ። ቤቴን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ወረቀቱንና ብርጭቆውን አዘጋጅቼ እጠብቃችኋለሁ።

አመሰግናለሁ።