ለብቻ የሚከበር ሰንበት አለን?

ሰላማዊት፦ ጤና ይስጥልን፣ አድማጮቻችን። ዛሬ በቀጥታ ወደ ክርክራችን እንግባ። ዮናስ፣ ቀረጻ ከመጀመራችን በፊት ያልኸውን ድገመው።

ዮናስ፦ እደግመዋለሁ። ሰው ከሰባቱ ቀናት አንዱን ከሥራ ታቅቦ፣ መጽሐፉን ገልጦ በቤቱ ቢጸልይ ሰንበትን አክብሯል ብዬ አምናለሁ። ጌታችንም «ሰንበት ስለ ሰው ተፈጥሮአል እንጂ ሰው ስለ ሰንበት አልተፈጠረም» ብሏል። ሳምንቱን ሙሉ የደከመን ሰው «ከጉባኤ ለምን ቀረህ?» ብሎ ማስጨነቅ ከዚህ ቃል ጋር አይስማማልኝም።

ሰላማዊት፦ ቃሉን እቀበላለሁ። ግን ይህ ሰው ማን ነው? ዘዳግም ምዕራፍ 5ን ተመልከት። ወንድ ልጅህ፣ ሴት ልጅህ፣ ሎሌህ፣ ገረድህ፣ በሬህ፣ አህያህ፣ በደጅህ ያለ እንግዳ እያለ ይዘረዝራል። በዘጸአት ምክንያቱ ፍጥረት ነው፤ በዘዳግም ግን አንተም በግብፅ ባሪያ ነበርህ ይለዋል። ትእዛዙን የሚሰማው የቤቱ ጌታ ነው፤ ዕረፍቱ የሚደርሰው ግን «ዛሬ አልሠራም» ለማለት ሥልጣን ለሌለው ነው። ይህን ባነበብሁ ቁጥር ልቤ ይነካል። ሰንበት ገና ሲታዘዝ የብዙ ሰው ነበር።

ዮናስ፦ እርሱ ስለ ዕረፍት ነው። ጉባኤውስ?

ሰላማዊት፦ ለክርስቲያኖች ጉባኤው ከዕረፍቱ ቀድሞ መጣ። በመጀመሪያዎቹ ዘመናት እሑድ በሮም ግዛት የሥራ ቀን ነበር። በሁለተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አገረ ገዢው ፕሊኒ ለንጉሠ ነገሥት ትራያኖስ ሲጽፍ፣ ክርስቲያኖች በተወሰነ ቀን ጎሕ ሳይቀድ ተሰብስበው ለክርስቶስ እንደ አምላክ ይዘምራሉ ብሏል። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 20 ላይ ያለውን ወጣት አውጤኪስን አስበው። ከሳምንቱ በፊተኛው ቀን ጳውሎስ እስከ እኩለ ሌሊት ሲናገር፣ በመስኮት ተቀምጦ አንቀላፋና ከሦስተኛው ደርብ ወደቀ። ቀኑን ሲሠራ የዋለ ይመስለኛል፤ መጽሐፉ ባይለውም። ደክሞትም ቢሆን ግን መጥቷል!

ዮናስ፦ ዕረፍቱ በአዋጅ የመጣው እ.ኤ.አ. በ321 ነው። ቆስጠንጢኖስ ዳኞችን፣ የከተማ ነዋሪዎችንና የእጅ ባለሙያዎችን በእሑድ እንዲያርፉ አዘዘ፤ ገበሬውን ግን የዘር ጊዜ እንዳያልፍበት ፈቀደለት።

ሰላማዊት፦ ከዚያ 17 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ304፣ ዲዮቅልጥያኖስ መሰብሰብን በከለከለበት ዘመን፣ በሰሜን አፍሪካ የአቢቲና ከተማ 49 ክርስቲያኖች በእሑድ ጉባኤ ተይዘዋል። ቤቱን የከፈተላቸው ኤሜሪቱስ ለምን እንዳልከለከላቸው ሲጠየቅ፣ ያለ ጌታ ማዕድ መኖር አንችልም የሚል መልስ ሰጠ። በየቤታቸው መጸለይ ይችሉ ነበር እኮ፣ ዮናስ። ማንም አይደርስባቸውም ነበር።

ዮናስ፦ ይህ ከባድ ነው። እንግዲያው ለአንቺ የሚያግዝ ታሪክ እኔ ልጨምርልሽ። ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1929 ፋብሪካዎች እንዳይቆሙ ብሎ ሰባት ቀን ያለውን ሳምንት ሻረ። ሠራተኛው በአምስት ቡድን ተከፈለ፤ እያንዳንዱ ከአምስት ቀን አንዱን ያርፋል። በቁጥር ካየነው ዕረፍቱ በዛ። ነገር ግን የባል ቀን ሌላ፣ የሚስት ሌላ፣ የወዳጅም ሌላ ሆነ። ሰው አርፎ የሚያነጋግረው አጣ። እሑድም የጋራ ቀንነቱ ስለ ቀረ አምልኮው ተጎዳ። በ1940 ወደ ሰባቱ ቀን ተመለሱ።

ሰላማዊት፦ ይህን ካወቅህ ከእኔ ጋር ምን ያከራክርሃል?

ዮናስ፦ የሚያከራክረኝ በግድ የሚቀረው ሰው ነው። ሌሊቱን ሕሙማን ስትጠብቅ ያደረች ነርስ፣ ተራው የደረሰበት ዘበኛ፣ የአልጋ ቁራኛ የሆኑ አዛውንት። «ጉባኤ ካልመጣችሁ» የሚለው ስብከት እነዚህን ያሳዝናል።

ሰላማዊት፦ በዚህ እስማማለሁ። ሰማዕቱ ዮስጢኖስ በ155 ገደማ የጻፈው መልስ ይሰጥሃል። የከተማውም የገጠሩም ሰው በእሑድ አንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ ንባብ፣ ትምህርት፣ ጸሎት፣ ቁርባን ይቀጥላል። ከዚያም ዲያቆናቱ ለቀሩት ድርሻቸውን ይዘው ይሄዳሉ። ለወላጅ አልባ ልጆች፣ ለመበለቶች፣ ለታመሙና ለታሰሩ የሚሆን ገንዘብም በዚያው ይሰበሰባል። ያልመጣውን ሰው ደጁ ድረስ ሄዶ የሚፈልገው ጉባኤው ነው። ዛሬ ስንቱ ማኅበረ ምእመናን እንዲህ ያደርጋል? ስለ ቅዳሜና እሑድ ስንከራከር የምናጠፋውን ጉልበት ግማሹን እዚህ ላይ ብናውለው እመኛለሁ።

ዮናስ፦ እርሱ ክርክር የራሱን ዝግጅት ይፈልጋል። አሁን ግን ሎሌና ገረድ ያልሽው አልወጣልኝም። በብዙ ቤት በሰንበት ከሌላው ቀን ይልቅ የምትደክመው እናት ናት። ልጆቹን አጥባ፣ አልብሳ፣ ከጉባኤ መልስ ደግሞ ለእንግዳው ሁሉ ታበስላለች።

ሰላማዊት፦ በዘጸአት 16 ሕዝቡ በስድስተኛው ቀን መናውን እጥፍ አድርጎ እንዲለቅም፣ የሚጋገረውንም እንዲጋግር፣ የሚቀቀለውንም እንዲቀቅል ተነግሮታል። የሰንበት ማዕድ ከዋዜማው ይዘጋጅ።

ዮናስ፦ ዋዜማውን ብቻዋን የምትሠራ ከሆነ ድካሙ ቀን ለወጠ እንጂ አልቀነሰም።

ሰላማዊት፦ እንግዲያው ባልም ልጆችም በዋዜማው ማዕድ ቤት ይግቡ። ትእዛዙ ለቤቱ ጌታ ነው ብያለሁና ከእርሱ ይጀመር።