በእግር ኳስ ክለብ ጥላ ሥር፦ የስፖርቲንግ የሮለር ሆኪ ቡድን

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮቼ። ስፖርቲንግ ሊዝበን ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው ክርስቲያኖ ሮናልዶን ያፈራውን አረንጓዴና ነጭ ለባሽ የእግር ኳስ ቡድን ነው፤ እኔ ግን ዛሬ የማነሣላችሁ በዚያው ማሊያ፣ በባለ ጎማ ጫማ ላይ ሆኖ የሚጫወተውን የሮለር ሆኪ ቡድን ነው። የዚህን ቡድን ታሪክ ባነበብሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመላለስብኛል፦ በራሱ ገቢ መቆም የሚከብደው ስፖርት በትልቅ ክለብ ስም ሲጠለል ምን ያገኛል፣ ምንስ ያጣል?

ለማያውቁት ጨዋታውን ባጭሩ ልግለጽ። ርዝመቱ 40፣ ስፋቱ 20 ሜትር በሆነና ዙሪያው በአጭር መከለያ በታጠረ የአዳራሽ ሜዳ ላይ፣ በረኛውን ጨምሮ አምስት አምስት ሆነው የሚሰለፉት ተጫዋቾች፣ ሁለት ከፊት ሁለት ከኋላ በተገጠሙ ጎማዎች እየተንሸራተቱ ትንሽና ጠጣር ኳስ በቆልማማ ዱላ ይመታሉ። የገና ጨዋታን ያየ ሰው ዱላው እንግዳ አይሆንበትም፤ ፍጥነቱ ግን ያስደነግጠዋል። አንድ ቡድን ዐሥረኛ ጥፋቱን ሲሠራ ተጋጣሚው ቀጥተኛ ምት ያገኛል፤ አንድ አጥቂና አንድ በረኛ ብቻ ይፋጠጣሉ፤ በእኔ ግምት የጨዋታው ውበት ሁሉ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ልጥቀስ። የአውሮፓ የክለቦች ዋንጫ በ1966 ከተጀመረ ወዲህ ከስፔን ክለቦች እጅ ወጥቶ አያውቅም ነበር፤ በ1977 ግን ስፖርቲንግ ከፖርቱጋል ክለቦች የመጀመሪያው ሆኖ ወሰደው። በረኛው ራማሌት፣ ሬንዴይሮ፣ ሶብሪኞ፣ ሻና እና በብዙዎች ዘንድ የዘመኑ ታላቅ ተጫዋች ተብሎ የሚታወሰው አንቶኒዮ ሊቭራሜንቶ የዚያ ቡድን ምሰሶዎች ነበሩ። ሊቭራሜንቶ ቀደም ሲል በባላንጣው ቤንፊካ ስሙን ያስጠራ ሰው ነው፤ ዛሬ የፖርቱጋል ሱፐር ካፕ የሚጠራውም በእርሱ ስም ነው። በዚያን ጊዜ የክለቡ ፕሬዚዳንት የነበሩት ዡዋዎ ሮሻ ሲሆኑ፣ ከእግር ኳስ ውጪ ላሉ ስፖርቶችም ትልቅ ቦታ ይሰጡ ነበር።

ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። ቡድኑ በ1988 የአገሩን ሊግ ካሸነፈ በኋላ ተዳከመ፤ በ1990ዎቹም ክለቡ ወጪ ለመቀነስ በርካታ የስፖርት ዘርፎችን ሲያጥፍ ሆኪውም አልተረፈም። እዚህ ላይ ቆም ብዬ አስባለሁ፤ የአውሮፓን ዋንጫ ያነሣ ቡድን የተዘጋው ተጫዋች ወይም ተመልካች ስላጣ ሳይሆን፣ ሒሳቡ የሚሠራው በሌላ ስፖርት ትርፍና ኪሳራ ስለነበረ ይመስለኛል። የመጠለሉ ዋጋ ይህ ነው። ሮለር ሆኪ በ1992 በባርሴሎና ኦሎምፒክ ለማሳያ ቀርቦ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ወደ ኦሎምፒክ ስላልተመለሰ፣ ከዚያ በኩል ሊመጣ የሚችለውን ገንዘብና ታዋቂነት አላገኘም።

ሆኖም የተዘጋው የስፖርቲንግ ቡድን እንደገና እንዲመለስ ያስቻለውም ያው የክለቡ ጥላ ነው። አዲስ የተቋቋመ ቡድን ከታችኛው እርከን ተነሥቶ ደጋፊ ለማፍራት ብዙ ዓመት ይፈጅበታል፤ ይህኛው ግን ከታች ሲጀምርም የሚከተለው ሕዝብ አስቀድሞ ነበረው። በ2017 ክለቡ በዡዋዎ ሮሻ ስም የተሰየመውን አዳራሽ ከስታዲየሙ አጠገብ ከፈተ፤ በዓመቱም ከ30 ዓመት በኋላ የሊጉን ዋንጫ አነሣ። በ2019 በዚያው አዳራሽ ፖርቶን 5 ለ 2 አሸንፎ ለሁለተኛ ጊዜ የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆነ። የቡድኑ በረኛ አንዤሉ ዢራዎ በዚያው ክረምት ባርሴሎና ላይ በዓለም ሻምፒዮናው ፍጻሜ ለፖርቱጋል ተሰልፎ ከአርጀንቲና አንዲት ግብ እንኳ ሳይገባበት ጨዋታው ተጠናቀቀ፤ ዋንጫውም በፍጹም ቅጣት ምት ለፖርቱጋል ሆነ። ስለዚህ የአንድ ክለብ ዘርፍ ሲዘጋ የሚጎዳው ክለቡ ብቻ አይደለም፤ ብሔራዊ ቡድኑም ይጎዳል።

እኔ ብጠየቅ፣ የክለቡን ፕሬዚዳንት በድምፃቸው የሚመርጡት አባላቱ ናቸውና፣ እንዲህ ያለ ዘርፍ ይዘጋ ወይስ ይቀጥል የሚለውም በጠቅላላ ጉባኤያቸው ፊት ቀርቦ ድምፅ ቢሰጥበት እመርጣለሁ። አባላቱ ይዘጋ ካሉ ይዘጋ፤ ቢያንስ ግን ለሆኪው ብለው መዋጮ የሚከፍሉት ሰዎች ሳይጠየቁ አይቀሩም።